ለቤት ርካሽ መብራት፣ ለሱቅስ?

ኦስሎ፣ ማዮርስቱን ሰፈር ልብስ ስፌት ያላቸው ደንበኛዬ በየምርጫው ድምፃቸው ለወግ አጥባቂው ፓርቲ ሆይረ ነው። ሰሞኑን የቤትና የሱቅ መብራት ቢል ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «መንግሥት ነጋዴ ሆነ እንዴ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የመንግሥትን ቋሚ የመብራት ዋጋ «ኖርገስፕሪስ»ን የመረጠ የኦስሎ መኖሪያ ቤት፣ በወር እስከ 5,000 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ፣ ለአንዱ ከነቫቱ 50 ኦሬ ይከፍላል። የመስመር ኪራዩ ለብቻው ነው። ገበያው ሲወደድ ልዩነቱን የመንግሥት ካዝና ይችላል፤ ሲረክስ ደግሞ ያው 50 ነው። ሱቅ ግን አይካተትም፤ ከሻጩ ጋር በተዋዋለው ዋጋ ይከፍላል።

እኔም ቅሬታቸው ይገባኛል፤ መንግሥት የቆረጠው ዋጋ ቀን ከሌት አንድ ከሆነ ማን ርካሽ ሰዓት ፍለጋ ሌሊት ተነስቶ ልብስ ያጥባል? ብቻ እሳቸውም ለቤታቸው ፈርመዋል፤ ውሉ እስከ 2026 ማብቂያ ያስራል።