ጠበል ስንት ሥራ አለው?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጠበል ነው። ስብከት አይደለም፣ አብሽሩ። የብዙዎቻችን ቤት ውስጥ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀምጦ የሚገኘውን ውሃ ሰው ለምን ለምን እንደሚጠቀምበት ነው።

ስሙ ራሱ ይገርማል። በግእዝ ጸበል ማለት ትቢያ ማለት ነው፤ በአማርኛ ውሃ ሆነ። ከዛም አልፎ ምግብ ሆኗል። ጎረቤት በዝክር ቀን «ኑ ጠበል ቅመሱ» ሲለን የምንሮጠው ለዳቦው ነው እንጂ ውሃ ልንጠጣ አይደለም። ውሃው ከምንጭ የሚፈልቅ አለ፣ ቄስ በዕቃ ላይ ጸልየው የሚባርኩትም አለ። ይጠጣል፣ ሰው ይጠመቅበታል፣ ቤት ይረጫል፣ ከእምነት ጋር ተለውሶ ግንባር ይቀባል። አዲስ ባጃጅ የገዛ ሰው ባጃጁን ያስረጫል። ጥር 11 ቀን ሕዝብ ሁሉ ይረጫል፣ ጠርሙስ ይዞ የመጣም ሞልቶ ይሄዳል። ጳጉሜ 3 ደግሞ ቄስም አያስፈልግም፤ የሩፋኤል ዝናብ ራሱ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይወጣሉ፣ እናቶችም ለበረከት ሊጥ ውስጥ ጠብ ያደርጉበታል። ፈተና ሲደርስ እስክሪብቶውን ጠበል የሚያስነካ ተማሪም አለ (ስሙን አልናገርም፣ 7ኛ ለ ነው)። ሙስሊም ጓደኞቻችን ቤት ደግሞ ሐጅ የሄደ ሰው የሚያመጣው ዘምዘም አለ። እሱ መካ ውስጥ ከካዕባ አጠገብ ካለ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ጉድጓድ የሚቀዳ ነው። ለዘመድ ሁሉ እንዲዳረስ በትንሽ በትንሹ ነው የሚታደለው።

ውጭ አገር ጠበል ጨዋታ ውስጥም ገብቷል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው የነገረኝ። ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ነው የወጣው። አንዱ ተረቱን ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው «እንዲህ አደረግኩ» ይላሉ፣ የሚሳካና የማይሳካውን እንደ ሉዶ ዳይስ ይወስነዋል። እዛ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ጠበል 25 የወርቅ ሳንቲም ያወጣል። ሰይጣን ወይም ከመቃብር የተነሳ ሙት ላይ ከተወረወረ ሁለት ዳይስ ተጥሎ በወጣው ቁጥር ልክ ይጎዳዋል። ሰው ላይ ቢወረውሩት ግን ከማርጠብ በቀር ምንም አያደርግም። እኔ ብጫወት አልወረውረውም ነበር። በር ላይ መስመር አድርጌ አፈሰዋለሁ፣ ወይም ሰይጣኑ በሚጠጣው ጠላ ውስጥ እጨምርለታለሁ።

ከሁሉም ብልጡ ግን የጥንቱ ሄሮን ይመስለኛል። ግብፅ፣ እስክንድርያ ውስጥ ከ1900 ዓመት በፊት የኖረ መሐንዲስ ነው። በጊዜው ሰው ቤተ መቅደስ ሲገባ በተቀደሰ ውሃ ይታጠብ ነበር፤ ሄሮን ለዚህ የሚሆን በሳንቲም የሚሠራ ዕቃ በመጽሐፉ ገልጿል። በሳይንስ የተማርነውን ሊቨር አስታውሱ። ሳንቲሙ ሲገባ በሊቨሩ አንድ ጫፍ ላይ ያለች ሳህን ላይ ያርፋል። ሳህኗ በክብደቱ ዝቅ ስትል ሌላው ጫፍ ወደ ላይ ሄዶ የውሃውን ውታፍ ያነሳል። ሳህኗ ስታዘነብል ሳንቲሙ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ውታፉም ይመለሳል፣ ውሃው ይቆማል። በቃ! ማንም ከከፈለው በላይ መቅዳት አይችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ጠበል የጀመሩ አንዳንድ ሰዎች መድኃኒታቸውን ያቆማሉ። «ሁለቱ አይሄድም፣ እምነት ማጉደል ነው» ይላሉ። እንጦጦ ጠበል ከሚሄዱት የኤች አይ ቪ ሕሙማን ውስጥም እንዲህ ያደረጉ ነበሩ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱን እንዳይራባ አፍኖ ነው የሚይዘው፤ ከቆመ ቫይረሱ እንደገና ይራባል። እያቆሙ እየጀመሩ ከሆነ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደውና ኪኒኑ መሥራት ያቆማል። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይጣሉም፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም ብለው በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ አያታችሁ «ካህን ይሻለኛል» ካለች ይህንን ንገሯት። ፓትርያርክ ከካህንም በላይ ነው እኮ!

ሰፈራችን ያለች አንዲት እናት ስኳር አለባት፣ ኪኒኗን የምትወስደው ከምግብ ጋር ነው። ጠበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ስትጨነቅ ቆይታ ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች። አሁን በጠዋት ጠበሏን ትጠጣለች፣ ቁርሷን ትበላለች፣ ኪኒኗንም አብራ ትውጣለች። ሁለቱም ሳይቀርባት ሄደላት።

ሌላው የውሃው ንጽሕና ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት ቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ኮሌራ ከዓይነ ምድር ወደ ውሃና ወደ እጅ የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሽንት ቤት በማይበቃበት ቦታ ቶሎ ይዛመታል። እኛ አገር ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ሰውም ወር ሙሉ በአንድ ጠርሙስ ያስቀምጣል። ጠርሙሱ በፊት ጋዝ የተያዘበት ከሆነ ሌላ ፈልጉ። በደንብ ታጥቦ ክዳኑ ይገጠም፣ ከቤት ውስጥም ቀዝቀዝ ያለው ጥግ ይቀመጥ። ሁሉም ሰው አፉን እየገጠመ ከሚጠጣ ደግሞ በኩባያ ይቀዳ።