የሲምቢዲየምን አበባ የሚያጨነግፈው የሌሊት ሙቀት

ኦርኪድ ሲባል ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ሞቃትና ርጥበት የበዛበት ጫካ ነው። ስለዚህ ሲምቢዲየም የተባለውን ኦርኪድ ቆላ ላይ የተከለ ሰው፣ አየሩ ተስማምቶት በአበባ ይሞላል ብሎ ይጠብቃል። ቅጠሉ በእርግጥ ይለመልማል፤ ማሰሮውን ሞልቶ ወደ ውጭ ይንዠረገጋል። ዓመት በዓመት ሲተካ ግን አንድም አበባ አይታይበትም። ያኔ ወይ «ይኼ መካን ነው» ተብሎ ይነቀላል፣ ወይ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ይደፋበታል። ሁለቱም ፍርዶች ተክሉን ይበድሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ሲምቢዲየም አበባውን ይፀንሳል፤ ፅንሱ ግን ሰው ሳያየው ይጨነግፋል። ለዚህ የሚወቀሰው የቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ዋናው ጥፋት ያለው ሌሊቱ አለመቀዝቀዙ ላይ ነው።

የትውልድ አገሩን ያየ ሰው በዚህ አይገረምም። በአበባ መሸጫዎች የምናያቸው ባለ ትልልቅ አበባ ሲምቢዲየሞች ዲቃሎች ናቸው። እንደ ሎዊያነም፣ ትሬሲያነምና ኢንሲግኔ ያሉት ወላጆቻቸው ከሂማላያ ተነስቶ በበርማ በኩል እስከ ቬትናም በሚዘልቀው ተራራማ አገር የሚበቅሉ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሚገኙት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። በእኛ አጠራር የወይና ደጋና የደጋ ልጆች ናቸው ማለት ነው። እዚያ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ይወርዳል፤ ተክሉም አዲስ ቡቃያ ያወጣል፣ ይወፍራል። ዝናቡ ሲያባራ ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ፀሐያማ እንደሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። መስከረምና ጥቅምትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ወቅት አይደለም። የአበባው ዘንግ ከግንዱ ሥር ብቅ የሚለው ይህን በመሰለ ጊዜ ነው። የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትር ከፍታው 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሐሩር ክልል ውስጥ ያለ አገር ሁሉ ለሲምቢዲየም አንድ ዓይነት አይደለም። ቬትናም ውስጥ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ዳላት በሲምቢዲየሟ የታወቀች ናት፤ ከእርሷ በስተደቡብ ምዕራብ ያለችው ሆ ቺ ሚን ከተማ ግን ቆላ ናትና ሌሊቷም ይሞቃል።

ሙቀቱ የሚሠራውን በቅርበት ማየት ይቻላል። ሲምቢዲየም ከቅጠሉ ሥር ሽንኩርት የመሰለ ያበጠ ግንድ አለው፤ ውኃውንና ምግቡን የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። ሳያብብ የከረመ ተክል ላይ የዚህን ግንድ ደረቅ ቡናማ ሽፋን በጥንቃቄ ገለጥ ቢያደርጉት፣ አንዳንዴ ምስር ወይም የገብስ ፍሬ የምታክል ደርቃ የጠቆረች ጉጥ ይገኛል። እንዲህ ያለችው ጉጥ ዘንግ ልትሆን ጀምራ የቀረች ልትሆን ትችላለች። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ተክሉን ቀን 30፣ ሌሊት 25 ዲግሪ ባለበት ክፍል ሲያቆዩት እምቡጦቹ ገና ሳይፈኩ፣ በውስጣቸው የወንዴ ዘር ዱቄት በሚሠራበት ደረጃ ላይ፣ እድገታቸው ተቋርጦ ሲደርቁ አይተዋል። የጃፓን አበባ አምራቾችም ይህን ከሥራቸው ስለሚያውቁ፣ በበጋቸው ማሰሮዎቹን በመኪና ጭነው ወደ ተራራ ያወጣሉ፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መልሰው ያወርዳሉ። ትርፍ የሚያሰላ ገበሬ በሺህ የሚቆጠር ማሰሮ ተራራ ድረስ የሚያመላልሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ከስንቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ ተክል ቀን በብርሃን ከሠራው ስኳር ከፊሉን ሌሊት በመተንፈስ ይፈጃል፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይህ ፍጆታ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሌሊቱ ሞቃት በሆነ ቁጥር ለእምቡጡ የሚተርፈው ስንቅ ያንሳል።

«ታዲያ የጎረቤቴ ቆላ ላይ እንዴት አበበ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከግዢው ይጀምራል። ዘንጉን ደጋ ላይ ጨርሶ እምቡጥ ይዞ የተገዛ ተክል፣ ቆላ ቢወርድም የያዘውን አበባ ሊፈታ ይችላል። ፈተናው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሌላው ክርክር የማዳበሪያ ነው፤ ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ አበባን ይጠራል ይባላል። የተራበ ተክል እንደማያብብ እውነት ነው፤ የጠገበ ተክል ሌሊቱ ካልቀዘቀዘለት የሚሰጠው ግን ቅጠል ነው። በማሰሮው ላይ በረዶ የሚያስቀምጡም አሉ። በረዶው ቶሎ ይቀልጣል፤ ተክሉ የሚፈልገው ደግሞ ለሳምንታት የሚዘልቅ ቀዝቃዛ የሌሊት አየር ነው። ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ ስለ ብርሃን የሚነሳው ነው፣ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሲምቢዲየም ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም አያብብም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ከሆነ በቂ አግኝቷል። ስለዚህ ሲምቢዲየም አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ቦታ እንቢ ካለ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጥላው ነው። ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ከተማ ግን ጥርጣሬው ወደ ሌሊቱ ይዞራል።

አየሩ ደረቅ በሆነ ቆላ ጥቂት መፍትሔ አለ፤ ሲመሽ ወለሉንና ዙሪያውን ውኃ መርጨት፣ ማሰሮውን ነፋስ በሚያገኝበት ከፍ ያለ ቦታ ማንጠልጠል። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ በርጥበት በተሞላበት የባሕር ዳርቻ ግን ውኃው በቀላሉ ስለማይተን ድካሙ ብዙም አይጠቅምም። የተሻለው መንገድ ከዘሩ መጀመር ነው። የሲምቢዲየም ወገን ሁሉ ደገኛ አይደለም። አሎይፎሊየም ቅጠሉ እንደ ቆዳ የጠነከረ የእስያ ቆለኛ ነው። ካናሊኩላተም በሰሜን አውስትራሊያ ሞቃት ሜዳ፣ ውስጣቸው በበሰበሰ ዛፎች ቀዳዳ ሥሩን ሰድዶ ድርቁን ያልፋል። ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ለሽታው ሲሉ የሚንከባከቡት ኤንሲፎሊየም ደግሞ በሞቃት ወራት ያብባል፤ ጎልደን ኤልፍ የተባለው ቢጫ ዲቃላም ይህን ጠባይ የወረሰው ከእርሱ ነው። አበባቸው ከተራራ ዘመዶቻቸው ያነሰ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

እንግዲህ ቆላ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ቴርሞሜትር ተክሉ በሚቀመጥበት ቦታ ስቀሉና ጎሕ ሲቀድ አንብቡት። ለሳምንታት ከ15 ዲግሪ በታች የማይወርድ ከሆነ ትልቁን ደገኛ ለደጋ ሰው ተዉለት፤ የኤንሲፎሊየምን ዘር ጠይቁ።