ከአኮፋዳ እስከ ቤተ መጻሕፍት፤ የላስታ ተማሪ ውሎና አዳር

በሀገራችን ልማድ ተማሪ ማለት ከቤቱ የወጣ ሰው ማለት ነው። እናት ልጅዋን ለትምህርት ስትሰጥ ስንቅ ቋጥራ፣ መርቃ፣ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ትሸኘዋለች እንጂ በማግሥቱ ይመለስልኛል ብላ አትጠብቅም። ዛሬ ልጆቻቸውን ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልኩ ወላጆች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ልጁ ከተሸኘ በኋላ እንዴት እንደሚውል፣ ምን እንደሚያነብ፣ ምንስ እንደሚያይ ጠይቀው የሚረዱ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ከላሊበላ ከተማና ከላስታ ደጋ ተነሥተን አንድ ተማሪን በሐሳባችን እንከተል። ይህ ተማሪ ተለይቶ የሚታወቅ አንድ ሰው አይደለም፤ የብዙዎች ኑሮ ግን በእርሱ ኑሮ ይታያል።

የቀድሞው ተማሪ

ላስታ ለትምህርት እንግዳ አገር አይደለም። ከዐለት የተፈለፈሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከመመዝገባቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ መምህራን በየደብሩ ሲያስተምሩ፣ ደቀ መዛሙርትም በእግራቸው ሥር ተቀምጠው ሲማሩ ኖረዋል። በስተደቡብ ያለው የዋድላ አገርም ስሙ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የሚጠራ የቅኔ አገር ነው።

የአብነት ተማሪ ኑሮ እንዴት እንደ ነበረ፣ በብዙ ስፍራም ዛሬ እንዴት እንደ ሆነ አባቶቻችን ያውቁታል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳል። ውሻው ያባርረዋል፤ ደግ እናት ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ ያገኘውንም ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ቀን በመጽሐፍ ይማራል፤ ሌሊት መብራት ስለሌለ በጨለማ በቃሉ ያጠናል። ከፊደል እስከ ዳዊት ያለውን ንባብ ሲፈጽም ወደ ቅዱስ ያሬድ ዜማ ያልፋል፤ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ይለያል። ቅኔ ቤት የገባ እንደ ሆነም ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ራሱ የቆጠረውን አዲስ ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል። የሌላውን ቅኔ አጥንቶ መድገም ብቻውን ተማሪውን ባለሙያ አያሰኘውም። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስንቅና የኪራይ ቤት

የዛሬው የላስታ ልጅ ደበሎ ባይለብስም የተማሪነት ኑሮው ከዚያኛው ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየገጠሩ ስለማይገኝ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ወይም ከዚያ ወዲያ ካለ መንደር የሚመጣ ልጅ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር በከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቡ በእግሩ ይወጣል፤ የእርሻውን ሥራ ሲያግዝ ውሎ የሳምንቱን ስንቅ፣ ማለት ቆሎውን፣ በሶውን፣ ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። አቡነ ዮሴፍ ቁመቱ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ላሊበላም በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ የዚህ ልጅ መንገድ ምን ያህል ዳገትና ቁልቁለት እንዳለው መገመት አያስቸግርም።

ሴት ልጅ ስትሆን ችግሩ እጥፍ ነው። ወንድምዋ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጽሐፉን ይገልጣል፤ እርስዋ ግን እንጀራ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከዚያ በኋላ የቀረ ብርሃን ቢኖር ታነባለች። ወላጆች ይህን ሳያዩ «ልጃችን ትምህርት አልሆናትም» ቢሉ ፍርዱ የቀና አይደለም።

ጠባቡ በር

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የፈጸመ ተማሪ አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ይህ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ሆኗል፤ በዚያ በመጀመሪያው ጊዜ ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ሦስት! ይህ ቍጥር ሲሰማ ያልደነገጠ ወላጅ አልነበረም። ካላለፉት ከፊሎቹ በዩኒቨርሲቲ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እየተሰጣቸው እንደ ገና እንዲሞክሩ ተደርጓል።

የላስታና የአካባቢው ልጆች ወደዚህ በር የደረሱት ደግሞ በሰላም ተምረው አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላና ወልድያ ደረሰ፤ ከተሞቹም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆዩ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ዘረፋና ውድመት ደረሰበት። ይህ ቁስል ሳይሽር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና በራቸውን ዘጉ። እንግዲህ አንድ ልጅ በዕድሜው 20 ዓመት ሲሞላው ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያልጨረሰ ቢሆን በስንፍናው አይደለም፤ ከዕድሜው ላይ የተወሰዱበት ዓመታት አሉና።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ

ተማሪያችን ይህን ሁሉ አልፎ ተመደበ እንበል። ከላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጋሸና ይደርሳል፤ ከዚያ በድልብ ቁልቁለት ወደ ወልድያ ይወርዳል፤ ወይም ምደባው ከዚያ እጅግ ወደራቀ አገር ይወስደዋል። በማደሪያው ክፍል ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ያድራል፤ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ጋር ተነሥቶ ለቁርስ ይሰለፋል፤ ከዚያም ወደ ክፍል ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክ፣ ሥነ ልቡና፣ ጂኦግራፊ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ይማራል።

ትልቁ ችግሩ ግን ቋንቋው ነው። መምህሩ የሚናገረው፣ መጽሐፉም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ተማሪ ማስታወሻውን ሳይረዳ በቃሉ ይሸመድድና ለፈተና ያቀርባል። ቀደም ብለን ልብ እንበለው ያልነው ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የአብነት ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ግማሹን አይተው ግማሹን ሳያዩ ቀርተዋል። የቅኔ መምህር ከተማሪው የሚፈልገው አዲስ ነገር ነው፤ ከሰሙ በታች ወርቁን እንዲፈልግ ያሠለጥነዋል። ሎጂክ የሚማረው ልጅ «ይህ ቃል ምን ይላል?» ብቻ ሳይሆን «ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የአያቶቹን ትምህርት በአዲስ ስፍራ ቀጠለ ማለት ነው።

ስለ ንባብ

ማታ ማታ ቤተ መጻሕፍቱ ይሞላል። ነገር ግን ተማሪው ለፈተና ብቻ ካነበበ ዲግሪ ይኖረዋል እንጂ አንባቢ አይባልም። ከመማሪያ መጻሕፍቱ ሌላ በወር አንድ መጽሐፍ ቢያነብ መልካም ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ምሳሌ እንጥቀስ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ዋነኛው ሰው በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው፤ በትምህርቱ ምክንያት ወደ ባላባት ቤት ገብቶ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ያስተምራል። የላስታ ልጅ ይህን ሲያነብ የገዛ አባቱን ወይም የአያቱን ኑሮ ያያል። መጽሐፉ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ሰምተውታል። እንግዲህ እናትና ልጅ ስለ አንድ መጽሐፍ ሊነጋገሩ ይችላሉ።

ስለ ሲኒማ

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የመጀመሪያውን የፊልም ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ዛሬ ግን ያ ቤት በእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ውስጥ ነው፤ በስልኩ ይመለከተዋልና። ስለዚህ «ፊልም አትይ» ማለት ብቻውን ፍሬ የለውም። የሚጠቅመው የሚታየውን መምረጥ ነው። እኩለ ሌሊት ድረስ ሳይመርጥ የሚያይ ተማሪ ጧት በክፍል ውስጥ እንቅልፉን ይተኛል፤ መርጦ የሚያይ ግን ትምህርት ያገኛል።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ለተማሪ የሚገባ ፊልም ነው። በ2000 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየው፣ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ በተደረገው የአፍሪካ ሲኒማ በዓል ታላቁን ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም በጀርመን አገር ሕክምና የተማረውን የአንበርብርን ታሪክ ይነግረናል። አንበርብር በአካሉም በልቡም ቆስሎ እናቱ ወደምትኖርበት መንደር ይመለሳል። መንደሩ ከተማረው ሰው መልስ ይጠብቃል፤ እርሱ ግን መልሱን ገና እየፈለገ ነው። ከላስታ ወጥቶ ለሚማር ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚቀርብ ጥያቄ የለም፤ ተምሬ ለማን እመለሳለሁ?

ለወላጆች

ሀገራችን ይህን ጥያቄ ቀድሞም ጠይቃዋለች። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የተማሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው ሕዝቡን እንዲያገለግሉ፣ ብዙዎቹም በትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ሥርዐት ተሠርቶ ነበር። ያ ሥርዐት ዛሬ የለም። ስለዚህ ልጁን ከመንደሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ በወላጆቹ እጅ ቀርቷል።

ይህ ገመድ ብዙ ጊዜ አንዲት የስልክ ጥሪ ናት። ታኅሣሥ 29 ቀን በላሊበላ በማሜ ጋራ ካህናቱ «ቤዛ ኵሉ» ሲዘምሩ፣ ከተማውም ከሩቅ የመጡትን እንግዶች እግር ሲያጥብ፣ ተማሪው በሩቅ ግቢ ለፈተና ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እናቱ ትደውልለታለች።

«ልጄ፣ በላህ? ገንዘብ አላነሰህም?»

«እምዬ፣ ደኅና ነኝ፤ አንቺ አታስቢ።»

ጥያቄዋ መልካም ነው፤ ፍቅርዋ አለበት። ነገር ግን በዚህ ላይ አንዲት ጥያቄ ትጨምር፤ «ዛሬ ምን አነበብህ? እስቲ ለእኔም ንገረኝ» ትበለው። ልጁ በእንግሊዝኛ የተማረውን ለእናቱ በአማርኛ ለማስረዳት ሲሞክር ያኔ ራሱ ይረዳዋል፤ ያልገባው ቦታም ይገለጥለታል። እናቲቱም የልጅዋን ትምህርት ከደጁ ሆና አትጠብቅም፤ ከእርሱ ጋር ትገባበታለች።

የቀድሞዋ እናት ለማታውቀው ተማሪ ቁራሽ እየሰጠች ሊቃውንትን አሳድጋለች። የዛሬዋም እናት ጥቂት ደቂቃ ሰጥታ ልጅዋን ብትሰማው ስንቁን ሞላችለት ማለት ነው።