ሌሊት የምናመሽ ሰዎችና ጎሕ ሳይቀድ የሚቀሰቅሱን እንስሳት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ለዛሬ ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን በብዙ ቤቶች ውስጥ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም አምሽቶ የሚተኛ ሰውና ሌሊት የሚነቁ የቤት እንስሳት በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ የሚፈጠረው ችግር ነው።

ነገሩን ከራሳችን ቤት ብንጀምረው ይሻላል። የተወለድነው በደቡብ ወሎ፣ ከላላ ውስጥ ነው። በደጋው አገር ሌሊት ብርዱ ይጠናል፤ ጅቡና ሽለምጥማጡም አይታመንም። ስለዚህ ጥጃውም ዶሮውም ከሰው ጋር ወደ ቤት ይገባል። ጥጃው በጋጡ፣ ዶሮው በቆጡ፣ ድመቷ በምድጃው ዳር፣ ሰው በመደቡ ላይ ያድራል። በዚህ ዓይነት ቤት ያደገ ሰው እንደሚያስታውሰው አውራ ዶሮ የሚጮኸው ሜዳ ላይ ሳይሆን ከራስጌ በላይ ነው።

ታናሽ ወንድማችን የ12ኛ ክፍል ተማሪ በነበረበት ዓመት ቤቱ ሁሉ ታወከ። ልጁ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የከብቱ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ማታ ደግሞ እንግዳና ጎረቤት አይጠፋም። በመሆኑም መጽሐፉን የሚገልጠው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። እስከ 7 ሰዓት ያጠናል። ከዚያ ስልኩን ያነሳል፤ ስልክ ደግሞ ከተነሳ ቶሎ እንደማይቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። 8 ሰዓት ላይ ይተኛል። 9 ሰዓት ሲሆን አውራ ዶሮው ይጀምራል። 10 ሰዓት ላይ ደጅ የታሰረችው አህያ ታናፋለች። ከዚያ ድመቷ ጋቢውን መቧጠጥ ትይዛለች። 11 ሰዓት ላይ አባታችን «ተነሱ! ሱብሒ!» ይላሉ። ልጁ አንድ ቀን በትክክለኛ ሰዓት ሲነሳ፣ ሌላ ቀን ሰላቱ እያለፈው፣ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ከረመ። አባታችን «ሰነፍ» አሉት። እሱ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በእንስሳቱ ላይ ጣለ።

አንድ ሌሊት ድመቷን በእግሩ ገፍቶ አስወጣትና በሩን ቀረቀረ። ውጭ ጅብ የሚዞርበት ሰዓት ነበር። ሁለት ቀን ጠፍታ በሦስተኛው ቀን እያነከሰች መጣች። ልጁ በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ምግብ አልበላ ብሎ እንደነበር መናገር አለብን፤ ክፉ ልጅ አይደለምና። ያም ሆኖ አውራ ዶሮው ታርዶ እንዲገላገል መጠየቁን አልተወም። እናታችን የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም፦ «እሱ ምን አጠፋ? መቼ ከሰዓቱ አለፈ? ሌሊቱን ቀን ያደረጋችሁት እናንተ!»

እናታችን ያሉትን ዛሬ ሳይንሱም ያረጋግጠዋል። ብዙዎቻችን ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ይመስለናል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በሩ ተዘግቶ፣ እሳቱ ተዳፍኖ በጨለማ ያደረ ዶሮ ባልጮኸ ነበር። ሺሙራና ዮሺሙራ የተባሉ የጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆይተው ተከታተሏቸው። ዶሮዎቹ የንጋትን ምልክት ሳያዩ እንኳ ወደ 24 ሰዓት በሚጠጋ ዙር መጮኻቸውን ቀጠሉ። መብራት በሰዓቱ በሚበራበትና በሚጠፋበት ክፍል የነበሩት ደግሞ ብርሃኑ ከመምጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው ይጀምሩ ነበር። የኛው ዶሮ 9 ሰዓት ላይ መጀመሩ እንግዲህ የሚያስገርም አይደለም፤ ጎሕ የሚቀደው 11 ሰዓት ገደማ ነውና።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሌላ ነገር አገኙ። አብረው በሚኖሩ አውራ ዶሮዎች መካከል መጀመሪያ የሚጮኸው የበላይ የሆነው ነው፤ ሌሎቹ እንደየደረጃቸው ይከተላሉ። የበላዩ ከመካከላቸው ሲወሰድ ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል። ይህን ጥናት ከማንበባችን በፊት በቤታችን አይተነዋል። ያ አውራ ዶሮ በመጨረሻ ለዒድ ታረደ። ወንድማችን በእፎይታ ተኛ። በማግስቱ ሌሊት ግን እስከዚያ ቀን ድምፁን በቅጡ ሰምተነው የማናውቀው ቄብ አውራ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው ቆጥ ላይ ቀጠለ።

በእስልምና የዶሮ ጩኸት የተከበረ ቦታ አለው። ዶሮ ለሰላት ስለሚቀሰቅስ እንዳይሰደብ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ጩኸቱን የሰማ ሰው አላህን ከችሮታው እንዲለምን፣ የአህያ ማናፋት የሰማ ደግሞ ከሸይጣን በአላህ እንዲጠበቅ የሚያዝዘው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ለሰላት የሚነሱት መቼ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቀው የዶሮውን ጩኸት ሲሰሙ እንደሆነ መመለሳቸውም በቡኻሪ ተዘግቧል። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ገበያተኛውም፣ መንገደኛውም፣ ሰጋጁም የሚነሳው በዶሮ ነበር። በኛ አገር ደግሞ ይህ ሰዓት እምብዛም አይዛነፍም። ከላላ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ነው። ለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ ይቀናሉ፤ እነሱ ዘንድ ልዩነቱ ከስምንት ሰዓት በላይ ነው።

የድመት ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ድመት በተፈጥሮዋ ሲመሽና ሲነጋ የምትነቃ አዳኝ ናት፤ አይጡም የሚወጣው በዚያው ጊዜ ነው። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ነገር ግን ድመት ትማራለች። አንድ ሌሊት ስትጮህ ተነስተን እንጀራ ከጣልንላት በማግስቱ በዚያው ሰዓት ትመጣለች። እኛ ቤት እንዲህ ያስለመዳት ራሱ ወንድማችን ነበር፤ 8 ሰዓት ላይ መጽሐፉን ሲያጥፍ ከራቱ የተረፈውን ይሰጣት ነበር። መፍትሔው ከመተኛታችን በፊት በደንብ አብልተን፣ ሌሊት ስትጮህ አለመነሳት ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጩኸቷ ይብሳል፤ ካልተሸነፍንላት ግን ትተወዋለች። ሳታበሉ ቆልፎ መተው ግን አይቻልም። ድመት አስራ ሳታበላ፣ ለቃም ራሷን እንዳትመግብ አድርጋ የገደለችው ሴት የደረሰባትን ቅጣት በሐዲስ የሰማን ሁሉ ይህን እናውቃለን። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ደግሞ የውዱእ ውኃቸውን ዕቃ አዘንብለው ድመት አጠጥተዋል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ድመት በመካከላችን ከሚመላለሱት ወገን መሆኗን እንደተናገሩ አስረድተዋል።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። አምሽቶ መተኛት ሁሉ ስንፍና ነውን? አይደለም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የኖቤል ሽልማት የተሸለሙት በሕዋሳት ውስጥ ያለው የቀንና የሌሊት ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ በማሳየታቸው ነው። ይህ ሰዓት በሰው ሁሉ እኩል አይቆጥርም፤ ባንዱ ይቀድማል፣ ባንዱ ይዘገያል፤ ከፊሉም በዘር የሚወረስ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ ይበልጥ ይዘገይና ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይመለሳል። አባታችን በ60 ዓመታቸው 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸውና 10 ሰዓት ላይ ሲነቁ፣ ልጃቸው በ18 ዓመቱ እንደሳቸው አለመሆኑን በስንፍና መተርጎማቸው ፍትሕ አልነበረም። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

በሶሐባዎች ዘመንም እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሰፍዋን ኢብኑል ሙዐጠል (ረ.ዐ) ፀሐይ እስክትወጣ ፈጅርን እንደማይሰግዱ ባለቤታቸው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሷቸው። እሳቸውም ቤተሰባቸው በዚህ የታወቀ መሆኑን፣ ፀሐይ ሳትወጣ መንቃት እንደማይሆንላቸው ተናገሩ። ነቢዩም በነቁ ጊዜ እንዲሰግዱ አዘዟቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እንቅልፍ አሸንፎት የቀረና እያወቀ ያመሸ ሰው አንድ እንዳልሆኑ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሰፍዋን ተኝተው ነበር፤ እኛ ስልክ ላይ ነን። ከዒሻእ በኋላ ያለ ጉዳይ ማውራት የተጠላውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለዕውቀት፣ ለእንግዳና ለቤተሰብ ሲሆን ግን ዑለማዎች ፈቅደዋል። የወሎ ደረሳ በኩራዝ ብርሃን ኪታቡን ሲያጠና ማምሸቱ የታወቀ ነው።

ታዲያ ከኩራዝ ወዲህ ምን ተለወጠ ቢባል፣ አንደኛው መብራቱ ነው። በዓይን የሚገባ ደማቅ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ንጥረ ነገር ያዘገየዋል። ስልክ በጨለማ ውስጥ ከፊታችን አንድ ክንድ ርቀት ላይ የሚበራ ነገር ነው። ሁለተኛው ቡናችን ነው። ከመግሪብ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን የጠጣነው ቡና ውስጥ ያለው ካፌን በአማካይ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ በደማችን ውስጥ ይገኛል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ቡናውን አንከለክልም፤ ማን ይሰማናል! ከዐስር በፊት ይሁን ነው የምንለው። ሦስተኛው ለመናገር የሚከብደን ጫት ነው። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሌሊቱን ዓይን አይከድንም። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ቁጭ ብሎ ምርቃናው እስኪወጣለት የሚጠብቅ አባወራ፣ ፈጅር ላይ ዶሮውን ከመራገሙ በፊት ይህን ያስብ።

እኛ ቤት የተደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ የጥናቱ ሰዓት ተቀየረ። አባታችን የማታውን የከብት ሥራ ለራሳቸው ወሰዱ፤ በእውነት ይህ ባይሆን ኖሮ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነበር። ልጁ ከመግሪብ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጎረቤት ባለ ጸጥ ያለ ክፍል ያጠና ጀመር። መኝታውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሩብ ሰዓት እያስቀደመ አመጣው። ስልኩ ማታ እናታችን ዘንድ ያድራል። ከሱብሒ በኋላ ተመልሶ ጋቢ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ደጅ ወጥቶ የጠዋቱን ብርሃን እንዲያይ ተደረገ፤ የዘገየን ሰዓት ወደፊት የሚያመጣው ይኸው የጠዋት ብርሃን ነውና። ቀን ደግሞ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቀይሉላ ይተኛል። ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ አልጋ ላይ ሆኖ ቆጡን ሲያይ ያድር ነበር።

ቆጡንም ከራስጌው ወደ በሩ በኩል አዛወርነው። ዶሮ ጩኸቱን በውስጡ ስለያዘ ማጨለሙ ፈጽሞ ዝም አያሰኘውም፤ ርቀት ግን ይረዳል። ከተማ ለምትኖሩ አንድ ነገር እንጨምር፦ እንቁላል ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሴት ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። በግድግዳ ብቻ የተለየ ጎረቤት ያለው ሰው፣ በተለይ የታመመ ወይም የሌሊት ሥራ የሚሠራ ጎረቤት ካለው፣ ሁለትና ሦስት አውራ ዶሮ ከማርባቱ በፊት አንኳኩቶ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ድመቷ ዛሬም ትንሽ ታነክሳለች። ማታ ራቷን የሚሰጣት ወንድማችን ነው፤ ከእግሩ ሥር ትተኛለች። 10 ሰዓት ተኩል ላይ አሁንም ትነቃለች፤ ጋቢውን ግን አትቧጥጥም፤ ወደ ምድጃው ሄዳ አይጧን ትጠብቃለች።