የጫማ ካርቶኑ

ልጄ 9 ወር ሞልቶት የኩፍኝ ክትባት በሚወስድበት ቀን ጠዋት ካርዱ ጠፋ። አንድ ክፍል ቤት ነው ያለን፤ ፍራሽ ገለበጥን፣ ቁም ሳጥን በረበርን፣ የለም! በማግስቱ ከመብራት ደረሰኞች መሀል ተጣጥፎ ተገኘ። ክትባቱም አንድ ቀን ዘገየ።

እናቴ «ልጄ፣ ዕቃሽ ቦታ የለውማ!» አለችኝና ያረጀ ነጠላዋን ሰጠችኝ።

ሙጫ አልገዛሁም። 1 ሲኒ የስንዴ ዱቄት እንዳይጓጉል በ1 ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጠበጥኩ፤ 3 ሲኒ ውሃና ቆንጠር ጨው ጨምሬ፣ ለዘብ ባለ እሳት እያማሰልኩ አወፈርኩት። የጫማ ካርቶኑን ክዳን ቆርጬ ውስጡን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ ለክትባት ካርድ፣ ለደረሰኝ፣ ለልደት ሰርተፊኬት። ውጪውን በነጠላው ሸፍኜ ጥለቱን በአፉ ዙሪያ ለጠፍኩት።

እናንተም ስትሞክሩት ሙጫውን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከበዛ ካርቶኑ ይጣመማል። በደንብ ሳይደርቅም ወረቀት አትክተቱበት፤ ይሻግታል።

የ15 ወሩ ሁለተኛ ዙር ክትባት ሲደርስ ካርዱን ለማውጣት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ጎረቤቶቼ ግን ጥለቱን እያዩ «ከየት ገዛሽው?» ይሉኛል።