በሲ ቋንቋ የተንሳፋፊ ነጥብ ዋጋዎች ምድብና ስያሜያቸው

የኮምፒዩተር መጻሕፍትን ወደ ዐማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ዘወትር የሚገጥመው ችግር፣ በዕለት ተዕለት ንግግር የታወቁ ቃላት በሙያው ውስጥ ጠባብ ፍቺ ይዘው መገኘታቸው ነው። ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ፣ በሲ ቋንቋ የተንሳፋፊ ነጥብ ዋጋዎች የሚመደቡበትን ሥርዐት እንመለከታለን።

ተንሳፋፊ ነጥብ አንድን ቁጥር በምልክት፣ በአርቢና በክፍልፋይ ለይቶ የማስቀመጫ ዘዴ ነው። በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች «ደብል» የተባለው ዐይነት ካለው 64 ቢት ውስጥ 1 ለምልክት፣ 11 ለአርቢ፣ 52 ለክፍልፋይ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሲ ደረጃ አምስት ምድቦችን ይሰይማል። ለእነዚህም የሚከተሉትን ቃላት እናቀርባለን፦

ሀ) ዜሮ፤ የመደመርም የመቀነስም ምልክት ሊይዝ ይችላል።
ለ) መደበኛ፤ ከዜሮ የተለየና የአኃዞቹ ብዛት ያልተጓደለ።
ሐ) ንዑስ መደበኛ፤ ከመደበኞቹ ሁሉ ይልቅ ለዜሮ የቀረበና አኃዞቹ የተጓደሉ።
መ) ወሰን የለሽ፤ ለምሳሌ ውጤቱ ከመጠን ሲያልፍ የሚገኝ።
ሠ) ኢቁጥር፤ ለምሳሌ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል የሚገኝ።

ሦስተኛውን ምድብ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የተንሳፋፊ ነጥብ ደረጃ «ዲኖርማላይዝድ»፣ የ2008ቱ እትም ደግሞ «ሰብኖርማል» ይለዋል። ነገሩ አንድ ስለሆነ ስያሜውም አንድ ሊሆን ይገባል።

ዋናው ሥጋት ያለው «መደበኛ» በሚለው ቃል ላይ ነው። «ኢዝኖርማል» የተባለው መፈተሻ «ዋጋው ትክክለኛ ነውን?» ተብሎ ቢተረጐም፣ አንባቢው ዜሮን ስሕተት ነው ብሎ ይጥላል፤ መፈተሻው ለዜሮም ለንዑስ መደበኛም «አይደለም» ብሎ ይመልሳልና። ሒሳቡ ተሟጦ ዜሮ የደረሰ ሰው መዝገብ ግን ስሕተት የለበትም። ስለዚህ «የመደበኛ ምድብ ነውን?» ማለት ይሻላል። አንባቢው የሚፈልገው ሦስቱን የመጀመሪያ ምድቦች የሚቀበል ፈተና ከሆነ፣ ተገቢው «ኢዝፋይናይት»፣ ማለትም «ውሱን ነውን?» የሚለው ነው። ይሁንና «ውሱን አይደለም» ማለት የግድ «ወሰን የለሽ ነው» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ኢቁጥርም ውሱን አይደለምና።

ኢቁጥርን «ባዶ» ብንለው ከዜሮ ጋር ይምታታል፤ «ስሕተት» ብንለውም ፕሮግራሙ በዚያው የሚቆም ያስመስላል። ኢቁጥር ግን ከስሌት ወደ ስሌት የሚተላለፍ፣ ከራሱ ጋር እንኳ ሲነጻጸር እኩል የማይሆን ዋጋ ነው።

እንግዲህ የሙያ ቃል ሲመረጥ ከመዝገበ ቃላት ፍቺው ይልቅ ከምድብ ጓደኞቹ የሚለይበት ወሰን ሊቀድም ይገባል እንላለን።