ከቱሉዝ እስከ ባሕር በቢስክሌት

ፈረንሳይ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ፓሪስ ይሮጣል። የኤፌል ግንብ፣ ሰፋፊው ጎዳና፣ የመኪናው ግርግር በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል። ዳሩ ግን ከፓሪስ ርቆ በደቡብ በኩል፣ የመኪና ጥሩምባ የማያደነቁርበት፣ ዳገት የማያስለከልክበት የቢስክሌት መንገድ አለ። በዚህ መንገድ የሚሄደው ሀብታም ብቻ አይደለም። ተማሪው፣ የቢሮ ጸሐፊው፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ፣ ልጆቹን ያስከተለው አባት፣ ሁሉም ፔዳሉን እየረገጠ በየፊናው ያልፋል።

መንገዱ የሚከተለው «ካናል ዱ ሚዲ»፣ በአማርኛ የደቡብ ቦይ ብንለው የሚስማማውን የውሃ መንገድ ነው። ቦዩ ከቱሉዝ ከተማ ተነሥቶ፣ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር እስከሚገኘው ቶ ሐይቅ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከሐይቁ ማዶ ሤት የሚባል ወደብ አለ። ስሙን በእኛ ፊደል ያነበበ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ ስለ ምን ሜዳ ሆነ?

ይህ መንገድ መጀመሪያ ለቢስክሌት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ለፈረስ ነው። ጀልባ ሞተር ሳይኖራት በፊት፣ ፈረስ ወይም በቅሎ በቦዩ ዳር እየሄደ በረጅም ገመድ ይጎትታት ነበር። የቦዩ ውሃ ሜዳ ስለ ሆነ፣ የጎታቹም እንስሳ መንገድ ከውሃው ጎን ለጎን ሜዳ ሆኖ ተሠራ። በኋላ ፈረሱ ሥራውን ለሞተር ለቆ ሲሄድ መንገዱ ግን እንዳለ ቆየ። ቢስክሌተኛውም ከፈረሱ የወረሰው ይህንን ነው።

በ1684 ገደማ ሰውና ደብዳቤ የምትጭነው ጀልባ የቦዩን መንገድ በአራት ቀን ትጨርሰው ነበር። ዛሬ በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቢስክሌተኛም ይህንኑ መንገድ የሚጨርሰው በአራት ቀን ነው። ሦስት መቶ ዓመት አልፎ፣ ሰው በፈቃዱ ወደ ፈረስ ፍጥነት ተመለሰ ማለት ነው።

ውሃ አቀበት ይወጣልን?

ቦዩን በካርታ ላይ ለክፍል ያሳየ የጂኦግራፊ አስተማሪ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። ቱሉዝ ከባሕር ጠለል በላይ 130 ሜትር ያህል ናት። ከቱሉዝና ከባሕሩ መካከል ግን ኖሩዝ የሚባል ስፍራ አለ፤ ከፍታው 190 ሜትር ያህል ይሆናል። ጀልባዋ 60 ሜትር ሽቅብ ወጥታ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ባሕሩ ድረስ መውረድ አለባት። ታዲያ እንዴት አድርጋ?

መልሱ በር ያለው ገንዳ ነው። ጀልባዋ ከታች በኩል ወደ ገንዳው ትገባለች፤ በስተኋላዋ ያለው በር ይዘጋል። ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ገንዳው ይሞላል፤ ጀልባዋም ከውሃው ጋር ከፍ ትላለች። ውሃው ከላይኛው ቦይ ጋር ሲተካከል የፊተኛው በር ይከፈትና መንገዷን ትቀጥላለች። ለመውረድ ደግሞ ነገሩን ገልብጦ መሥራት ነው። በቤዚዬ ከተማ አጠገብ ፎንሴራን በተባለው ስፍራ ስምንት ገንዳዎች እንደ ደረጃ ተያይዘው ተሠርተዋል፤ ከፍታውም 21 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ቢስክሌተኛው ረጅሙን ቁልቁለት የሚያየው እዚህ ነው። የብዙዎቹ ገንዳዎች ግድግዳ እንደ እንቁላል ጎበጥ ያለ ነው፤ ይህም ከኋላ የሚገፋውን ያፈር ክብደት እንዲችል የታሰበ ነው።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። ጀልባ ባለፈች ቁጥር ከከፍታው ላይ አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ባለው ስፍራ፣ ዝናብ በሌለበትም በጋ፣ የማያቋርጥ ውሃ ያስፈልጋል። ሁለቱን ባሕሮች ለማገናኘት አስቀድመው ያሰቡት ሰዎች ሁሉ የተሸነፉት በዚህ ነገር ነው።

ቀረጥ ሰብሳቢው መሐንዲስ

ችግሩን የፈታው ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ የቤዚዬ ተወላጅ ነው። ሪኬ በትምህርት መሐንዲስ አልነበረም፤ ሥራው ለመንግሥት የጨው ቀረጥ መሰብሰብ ነበር። በዚህ ሥራ አገሩን ሲዞር የወንዞቹን መንገድ አጠና። ጥቁር ተራራ ከሚባለው አገር የሚወርዱትን ምንጮችና ጅረቶች ሰብስቦ፣ በትንንሽ ቦዮች ወደ ኖሩዝ ለማምጣት አሰበ። ሐሳቡን ለሚኒስትሩ ለኮልቤር አቀረበ፤ ንጉሡ ሉዊ 14ኛም በ1666 ሥራው እንዲጀመር ዐዋጅ አወጡ። የመንግሥት ጥቅም ግልጽ ነበር። የፈረንሳይ ዕቃ ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ለመድረስ ስጳኝን በሙሉ ዞሮ በጅብራልታር በኩል ማለፍ ነበረበትና።

ለውሃው ማከማቻ በሴን ፌሬኦል የተሠራው ግድብ ከ1667 እስከ 1672 ተሠርቶ አለቀ፤ የሚይዘውም ውሃ ከ6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። ዛሬም ቦዩን ያጠጣል።

ሥራው በበረታበት ጊዜ እስከ 12,000 የሚደርሱ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከነዚህም ውስጥ ዐፈር በቅርጫት የሚሸከሙ ብዙ ሴቶች ነበሩባቸው። ሪኬ ሠራተኞቹን በወር 10 ሊቭር ይከፍላቸው ነበር። ዝናብ በዘነበበት ቀን፣ በበዓልና በሕመምም ጊዜ ደመወዛቸው አይቋረጥም ነበር። በዚያ ዘመን ለቀን ሠራተኛ እንዲህ ያለ ውል ማግኘት ብርቅ ነው። ሪኬ ይህን ያደረገው በቸርነት ብቻ አልነበረም። መከር በደረሰ ጊዜ ገበሬው ሁሉ ወደ እርሻው እንዳይሄድበት ደኅና ደመወዝ መክፈል ግድ ስለ ሆነበት ጭምር ነው።

ገንዘቡ ሲያጥር ሪኬ የራሱን ሀብት አፈሰሰበት፤ ብዙ ዕዳም ገባ። በማልፓ ኮረብታ ላይ ሥራው ሲቆም፣ ኮረብታውን በስቶ ከ160 ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ አወጣ፤ በአውሮፓ ለጀልባ ማለፊያ የተቆፈረ የመጀመሪያው የቦይ ዋሻ ይህ ነው። ቦዩ በግንቦት 1681 ተመረቀ። ሪኬ ግን በጥቅምት 1680 ሞቶ ነበርና ጀልባ ከዳር እስከ ዳር ስታልፍ ሳያይ ቀረ። ዕዳውም ለልጆቹ ተረፈ።

ባቡር መጣ

ቦዩ ለ170 ዓመት ያህል እህልና ወይን ጠጅ፣ ሰውና ደብዳቤ አመላለሰ። በ1857 የምድር ባቡር ከቦርዶ እስከ ሤት ተዘረጋ። በማግሥቱ ዓመት መንግሥት ቦዩን ለ40 ዓመት ለዚያው ለባቡር ኩባንያ አከራየው። ለተወዳዳሪ የተሰጠ ንብረት ምን እንደሚሆን ማንም ይገምተዋል፤ የቦዩ ንግድ ቀዘቀዘ። መንግሥት በ1898 መልሶ ቢወስደውም፣ ባቡሩና በኋላም የጭነት መኪናው ብልጫውን እንደያዙ ቀሩ። ዛሬ በቦዩ ላይ የሚታዩት የመንሸራሸሪያ ጀልባዎች ናቸው። በ1996 ዩኔስኮ ቦዩን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስገባው።

ቢስክሌተኛውስ ከወዴት መጣ? ሰዎች በቢስክሌት አገር ማየት የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ ቢስክሌትና ጊዜ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሠራተኛው ቢስክሌት ነበረው፤ ዕረፍት ግን አልነበረውም። በ1936 የሌዎን ብሉም መንግሥት ለሠራተኛ ሁሉ በዓመት ሁለት ሳምንት ደመወዝ የማይቋረጥበት ዕረፍት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። በዚያ በጋ ብዙ የፋብሪካ ሠራተኞች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አዩ፤ አያሌዎቹም የሄዱት በቢስክሌት ነበር። የዛሬው የቦይ ዳር ተጓዥ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዞው እንዴት ያለ ነው?

ከቱሉዝ የወጣ ሰው መጀመሪያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ጥርጊያ ያገኛል፤ መሬቱ አስፋልት ነው። ከኖሩዝ ወዲያ ግን ነገሩ ይለወጣል። መንገዱ ዐፈር፣ ጠጠርና የዛፍ ሥር ይሆናል፤ ከዝናብ በኋላም ጭቃው ይይዛል። ስለዚህ ወፈር ያለ ጎማ፣ የጎማ መንፊያና ትርፍ የውስጥ ጎማ መያዝ ይገባል። በድንጋይ ድልድዮቹ ሥር መንገዱ ስለሚጠብ፣ ደወል እየደወሉ ቀስ ብሎ ማለፍ፣ እግረኛንም ማስቀደም የመንገዱ ደንብ ነው።

ዳገት የለም ማለት ድካም የለም ማለት አይደለም። እዚህ አገር ዳገቱ ነፋስ ነው። ኦታን የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ከተነሣ ወደ ባሕር የሚሄደውን ሰው ደረቱን ገፍቶ ያቆመዋል። ሴርስ የተባለው የምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ ደግሞ ከኋላ እንደ ወዳጅ ይገፋል። ብልኅ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የነፋሱን ወሬ ይጠይቃል።

በየገንዳው አጠገብ የበር ጠባቂ ቤት አለ። በግድግዳው ላይ በተለጠፈው ጽላት የቀዳሚውና የተከታዩ ገንዳ ርቀት ተጽፏል፤ ተጓዡም ካርታ ሳያወጣ ያለበትን ያውቃል። ከነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ዛሬ ቡና ቤትና ማደሪያ ሆነዋል። በካስቴልኖዳሪ ከተማ ነጭ ባቄላ ከዳክዬ ሥጋና ከቋሊማ ጋር በሸክላ ድስት ቀስ ብሎ የበሰለ «ካሱሌ» የሚባል ወጥ ይቀርባል፤ እርሱን በልቶ ወዲያው ቢስክሌት ላይ መውጣት ግን አይመከርም። ከዚያ በኋላ የካርካሶን ጥንታዊ ቅጥርና ግንብ በሩቁ ብቅ ይላል። ከፎንሴራን በፊት ደግሞ አንድም የገንዳ በር የሌለበት 54 ኪሎ ሜትር አለ። በዚህ ስፍራ ውሃው ኮረብታውን እየታከከ ይጠማዘዛል፤ የወይን እርሻው በግራም በቀኝም ይታያል።

ጥላው እያለቀ ነው

የዚህ መንገድ ዋናው ጌጥ ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፋቸውን አገናኝተው እንደ ዳስ የሚጋርዱት ፕላታን የተባሉት ዛፎች ናቸው። ቁጥራቸው 42,000 ያህል ነበር፤ የሚበዙት የተተከሉት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ጥቅማቸው ለውበት ብቻ አልነበረም። ሥራቸው የቦዩን ዳር ይይዛል፤ ጥላቸውም ፀሐይ ውሃውን እንዳያደርቀው ያግዛል።

በ2006 በካርካሶን አቅራቢያ ባሉ ዛፎች ላይ አንድ የሻጋታ በሽታ ተገኘ። ይህ በሽታ ወደ ፈረንሳይ አገር የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ የአሜሪካ ጦር ጥይት ባመጣባቸው የእንጨት ሣጥኖች ነው ይባላል። በቅርፊት ቁስል ይገባና የዛፉን የውሃ ሥር ይዘጋል፤ ዛፉም በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደርቃል። ውሃው ራሱ በሽታውን ከዛፍ ወደ ዛፍ ያደርሳል፤ የጀልባ ገመድና ጎን የፋቀው ሥርም በሩን ይከፍትለታል። ፈውስ አልተገኘለትም። ስለዚህ የታመመው ዛፍ ተቆርጦ ይቃጠላል። እስካሁን ከግማሽ በላይ የሆኑት ወድቀዋል።

በፈንታቸው ምን ይተከል የሚለው ጉዳይ ብዙ አከራከረ። አንዳንዱ የዱሮው መልክ እንዳይጠፋ አንድ ዓይነት ዛፍ ዳር እስከ ዳር ይተከል አለ። ሌላው ደግሞ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል ለአንድ በሽታ ሁሉን አሳልፎ መስጠት ነው አለ። በመጨረሻ የሁለተኛው ምክር አመዘነ፤ በልዩ ልዩ ዘሮች፣ በኦክ፣ በሜፕልና በሌሎችም ቦታው ይሞላ ጀመር።

ስለዚህ የዛሬው ተጓዥ ጠዋት በድፍን ጥላ ውስጥ ይሄድና፣ እኩለ ቀን ላይ ድንገት ባርኔጣ ወደሚያሻበት ሐሩር ይወጣል። በዚያ ስፍራ ከወገቡ ከፍ ያላሉ ችግኞች በእንጨት ተደግፈው በመሥመር ቆመው ያያል። ፕላታኑን የተከሉት ሰዎች ቅርንጫፉ ከቅርንጫፍ ሲገናኝ አላዩም። ዛሬ ችግኙን የሚያጠጣው የቦይ ሠራተኛም አያይም። እርሱ ግን ባልዲውን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ችግኝ ይሻገራል፤ ቢስክሌተኛውም እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጥቶት ወደ ባሕሩ ይወርዳል።